ዘንድሮ እሺ ያለችው ናዚሃ

ስፋክስ ከተማ የመግሪብ አዛን ሲሰማ፣ የኮምፒውተር ባለሙያዋ ናዚሃ ሾርባዋን ፊቷ አስቀምጣ ብቻዋን ከሆስፒታሉ ሰርቨር ጋር ትታገላለች። ከቤቷ ሆና ልትገባበት ብትል እምቢ አላት። የሕሙማኑ የመድኃኒት ትእዛዝ ደግሞ ያለ እሱ አያልፍም። መስመሩን ፈተሸች፤ ደህና ነው። የይለፍ ቃሏን ደገመች፤ ትክክል ነው። ግትሩ ማሽን ግን «ናዚሃ ገብታለች፤ በአንድ ስም ሁለት ሰው አላስገባም» ይላታል።

ለሆስፒታሉ ዘበኛ ለቡጀማ ደወለች። በየረመዷኑ «ነይ አብረን እናፍጥር» እያለ ሲለምናት በኩራቷ የምትመልሰው ሽማግሌ ነው። ኩራት እንደሆነ እራት አይሆን!

«አባባ፣ ሰርቨሩ ክፍል ማን አለ?»

«ትቀልጃለሽ እንዴ ልጄ? እዚያው ቁጭ ብለሽ ትደውይልኛለሽ? ዘንድሮ እንኳን እሺ ብለሽ መጣሽልኝ።»

«እኔ ቤቴ ነኝ አባባ! የመድኃኒቱ ትእዛዝ ቆሟል!»

«አንቺው አስተካክለሽው የለ!» ሽማግሌው ሳቀና ወደ ክፍሉ ተጣራ። «ናዚሃ! በይ ተይ ቀልዱን፣ ሾርባው ቀዘቀዘ!»

ናዚሃ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«መጣሁ አባባ፣ እጄን ልታጠብ!» አለ በስልኩ ውስጥ የገዛ ድምጿ፤ ድምጹ እሷ ዘንድ ሳለ እንዲያ ደስ ብሎት አያውቅም።