«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ድገሚው... እስቲ አንዴ ድገሚው!»

አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደርሷል...

መሀል ላይ የቆመችው ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ሥራ ከጀመረች ገና ጥቂት ወሯ ነው። የሚሰፋትን የሥራ ጋውን ለብሳ አንዲት ቀለም የተቀባች ካርድ ወደ መስኮቱ አነሳች...

አንገቷን ወደ ጎን አዘነበለች... ዶሮ ጥሬ ስታይ እንደምታደርገው።

ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና...

«እህ... አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የተቀለደባቸው ሰውዬ ራሳቸው ከኋላ ወንበር ሆነው ያጨበጭባሉ።

ያልሳቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር... ሥራ አስኪያጁ።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ...

ድርጅቱ የቀለም ፋብሪካ ነው። በየዓመቱ አዳዲስ ምሩቃን ይቀጥራል። በየዓመቱም «የቤተሰብ ቀን» የሚሉት የሠራተኞች ግብዣ አለ። ምሳ፣ ሙዚቃ፣ ጀርባው ላይ «እኛ ቤተሰብ ነን» የሚል ቲሸርት...

ቲሸርት ያዋደደው ቤተሰብ እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም... ግን እንቀጥል።

አዲስ ገቢ የሆነ ሁሉ በዚያ ቀን አንድ ነባር ሠራተኛ መርጦ አነጋገሩንና ሁኔታውን አስመስሎ ያሳያል። ካሳቀ ተቀላቀለ። ካላሳቀ ግን ዓመቱን ሙሉ «ያ ደረቁ ልጅ» ሲባል ይከርማል።

ልጅቷ እንቅልፍ አጣች። የሙከራ ጊዜዋ አላለቀም... በሒሳብ ሹሟ ብትቀልድ ታኮርፋታለች፣ በፎርማኑ ብትቀልድ ቂም ይይዝባታል።

የምትሠራው ከቀለም ቀማሚው ጋር ነው። ሰው ሁሉ «ጋሼ ቀለም» ይላቸዋል። ደንበኛ ናሙና ያመጣል፣ እሳቸው ያንኑ ቀለም ቀምመው ያወጣሉ። ጡረታቸው ደርሷል፣ ትንሿ ልጃቸው ግን ገና ትምህርት ላይ ናት።

«እሷ እስክትጨርስ እንደምንም ልቁም እንጂ...» ይሉ ነበር ሁሌ።

የልጅቷን ጭንቀት አይተው «ምን ሆነሻል ልጄ?» አሏት። ነገረቻቸው።

«ታዲያ እኔ እያለሁልሽ? በእኔ ቀልጂ። እኔ አልቀየምሽም።»

«ሙቺ በሉኝ ጋሼ።»

«ሙቺ።»

እፎይ አለች። እሳቸውንማ ጠንቅቃ ታውቃቸዋለች። ስለምትወዳቸው ሲሠሩ ዓይኗን አትነቅልባቸውም... ቀለሙን የቀቡበትን ካርድ ወደ መስኮቱ ሲያነሱ፣ አንገታቸውን ሲያዘነብሉ፣ ከዚያ ወደ እሷ ዞር ብለው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሲሏት...

«ትንሽ ቢጫ ይቀረዋል» ትላለች።

«ጎሽ» ይሉና ቢጫ ይጨምራሉ።

እያስተማሯት ይመስላት ነበር።

እና አሁን፣ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል፣ ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሳ።

«ሁሌ እንዲህ ነው የሚያዩት?»

«ሁሌ» አለች እየሳቀች።

«ሁሌ ይጠይቁሻል?»

«ሁሌ ነው እንጂ... አንድም ቀን ሳይጠይቁኝ ቀምመው አያውቁም።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አንደኛ ወጣች።

በማግስቱ ጋሼ ቀለም ለዓይን ምርመራ ተላኩ።

ለካ ፊት ለፊት ያለው ነገር ጭጋግ ከሆነባቸው ቆይቷል... የሚታያቸው በጎን በኩል ያለው ብቻ ነው። አንገታቸውን የሚያዘነብሉት ለዚያ ነው። ቀለም መለየትም ስላቃታቸው፣ ልጅቷ ከመጣች ወዲህ የሚሠሩት በእሷ ዓይን ነበር።

እያስተማሯት አልነበረም... የምራቸውን ነበር የሚጠይቋት።

ድርጅቱ «የማያይ ቀለም ቀማሚ ይዘን መቀጠል አንችልም» አለ። እሺ፣ ይሁን... ሐሰት አይደለም። ግን ሰውየው «ሌላ ሥራ ስጡኝ፣ በር ላይም ቢሆን» ብለው ለመኑ። «የሚመጥን ክፍት ቦታ የለም» ተባሉ። ይህን የነገረቻቸው የቤተሰብ ቀንን የምታዘጋጀው የሰው ኃይል ኃላፊዋ ናት።

ቲሸርቱን ለብሳ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ቦታቸው ለማን ተሰጠ? ለልጅቷ...

በስንብታቸው ቀን ሻይ ተፈላ፣ ንግግር ተደረገ፣ ስጦታ ተሰጣቸው። በትልቅ ፍሬም የተሠራ የቤተሰብ ቀን ፎቶ...

ጋሼ ቀለም ፎቶውን ወደ መስኮቱ አነሱት። አንገታቸውን ወደ ጎን አዘነበሉ...

ያን ቀን ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞር አሉ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ? ምን ይታይሻል?»

«ሁላችንም እየሳቅን ነው ጋሼ» አለች እንባዋን እየዋጠች።

«እኔስ?»

ፎቶው የተነሳው ልክ ሥራ አስኪያጁ «ሁሌ ይጠይቁሻል?» ባለ ጊዜ ነው። የጋሼ ቀለም እጆች ለማጨብጨብ እንደተዘረጉ ናቸው... ፊታቸው ግን አመድ መስሏል። ነገሩ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የገባው ለእሳቸው ነበር።

«እርስዎም እየሳቁ ነው» አለቻቸው።

«ጎሽ» አሉ... «አልቀየምሽም ብዬሽ የለ?»

ፎቶውን በብብታቸው ይዘው፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ወጡ።

ወዳጆቼ... በሰው አረማመድ፣ በሰው አንገት ከመሳቃችን በፊት ለምን እንዲያ እንደሚያደርግ እንጠይቅ። እኛ የምንስቅበት ነገር ሰውየው ችግሩን ሸሽጎ እንጀራውን የሚበላበት ሊሆን ይችላል። እናንተ አለቆችም... በግብዣ ቀን «ቤተሰብ» ያላችሁትን ሰው በጨነቀው ቀንም ቤተሰብ በሉት። አለዚያ ቲሸርቱን ተዉት።

ልጅቷ ዛሬም እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጣ ቀለም ትቀምማለች...

እናንተ ብትሆኑ ቦታውን ትቀበሉ ነበር? «እኔስ?» ብለው ሲጠይቋችሁስ እውነቱን ትነግሯቸው ነበር ወይስ እንደ እሷ ትዋሹላቸው ነበር? እኔ እስካሁን አልቆረጠልኝም... እስቲ ከታች ጻፉልኝ።