የሪያዷ ልጅ እሺ ካላለች

"አይሆንም አልኩ! ማንም እንዳይነካብኝ!"

ሸምሲያ ስልክ ላይ እየጮኸች ነው...

ሪያድ፣ ባዲዓ ሰፈር፣ ማዳሟ ቤት ጣራ ላይ ባለችው የልብስ መተኮሻ ክፍል ውስጥ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድምጿን ከፍ አድርጋ የምትናገረው እዚህች ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። እዚያም ከካውያው በቀር ሰሚ የላትም።

ከወዲያ ማዶ ያሉት ደግሞ አይታቸው የማታውቅ ሴትዮ ናቸው። እማማ ትርንጎ ይባላሉ። ወሎ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ የወረዳ ሆስፒታል፣ እናቷ ከተኛችበት ክፍል ደጃፍ ላይ ወጣ ብለው ቆመዋል።

"ስሚኝ ልጄ... እናትሽ አንጀቷ ተጠማዟል። ሐኪሙ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ካልሆነች አትተርፍም ብሏል። እሷ ደግሞ 'የሪያዷ ልጄ እሺ ካላለች አልፈርምም' ብላ እምቢ አለች።"

ይሄ አይግረማችሁ። ሸምሲያ አባቷ ሞቷል፣ ወንድም እህት የላትም። ቤቱን የሠራችው እሷ፣ የምትጦረው እሷ... እነሱ ቤት በግ እንኳ ሪያድ ሳይደወል አይታረድም!

"ደሴ ይውሰዷት!"

"ደሴ እኮ የአምስት ሰዓት መንገድ ነው። መንገድ ላይ ትሞትብናለች።"

"ታዲያ እዚያ ምን አለና? ፓናዶልና አንዲት ነርስ! አውቀዋለሁ እኮ ቤቱን!"

አታውቀውም።

የምታውቀው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ጥላው የሄደችውን ጤና ጣቢያ ነው። ስደተኛ እንዲህ ነው ወገን... ሀገሩ ጥሎት እንደሄደ ቆሞ የሚጠብቀው ይመስለዋል።

"ያ ድሮ ነው ልጄ። ዛሬ ላቦራቶሪው አለ፣ ሆድ የሚያሳየው አልትራሳውንድ አለ፣ ኦክስጅን አለ። ምጥ የጠናባት ሁሉ ኦፕራሲዮን የምትሆነው እዚሁ ነው። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴን ልጅ ትርፍ አንጀት አውጥተውለት፣ በሦስተኛው ቀን በእግሩ ሄዶ ቤቱ ገባ።"

"ለመሆኑ እርስዎ ምኗ ነዎት? ዶክተር ነዎት? ዘመድ ነዎት?"

"ምኗም አይደለሁ... አስታማሚ የሌለውን የማስታምም ነኝ።"

"እንግዲያው አያገባዎትም! አይሆንም፣ ኸላስ፣ አለቀ!"



ስልኩ ተዘጋ።

ደወለች... አይሠራም። ደግማ ደወለች... አይሠራም።

"ሸምሲያ! ያላ!"

ማዳም ናት፣ ከታች። የምሽቱ እንግዶች ደርሰዋል።

ወረደች። አሥር ሴቶች በሚሳሳቁበት ሳሎን ውስጥ ሻይ እያዞረች "እናቴ እየሞተች ነው" የምትለው አንድ ሰው አጣች። ምድር ጠበባት።

"ዓይንሽ ምን ሆኗል?" አለቻት ማዳም በአረብኛ።

"ምንም... ሽንኩርት ነው።"

ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋችው አልነግራችሁም። ሴትዮዋን ግን ያልረገመችው እርግማን የለም።

በማግስቱ ጠዋት ያው ቁጥር ደወለ። ለማንሳት ፈራች... እንደ ምንም አነሳችው።

"ሸምሲዬ..."

"እማ?!"

"አልሐምዱሊላህ፣ ተርፌያለሁ... እሺ ስላልሽልኝ አላህ ይባርክሽ ልጄ። እምቢ ብትይ ኖሮ ይኼኔ አፈር ለብሼ ነበር።"

ሸምሲያ ክው አለች።

እሺ?... ማን ነው እሺ ያለው?

"ትርንጎ ስልኩን ስትዘጋው 'ልጅሽ እሺ ብላለች፣ አይዞሽ በያት ብላኛለች' አለችኝ። ያን ጊዜ ልቤ ረጋ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈረምኩ።"

ሸምሲያ "እስቲ እሳቸውን አገናኚኝ" አለች።

"እማማ... እኔ እኮ እምቢ ነበር ያልኩት።"

"አውቃለሁ ልጄ።"

"ብትሞትስ ኖሮ?"

"እኔን ትረግሚ ነበር። ራስሽን ከምትረግሚ ብዬ ነው።"

"ግን ለምን? አያውቁኝም እኮ!"



"የዛሬ ሁለት ዓመት ባለቤቴ እዚሁ ክፍል ተኝቶ ነበር። እሱም እንደናትሽ 'ልጄ ይወስን' አለ። ልጃችን አዳነ እዚያው እናንተ ጋ ነው፣ ጉበይራ የሚባል ሰፈር። ደወልንለት። 'እዚያ ምን አለና? እንዳይነኩት፣ አዲስ አበባ ውሰዱት' አለ... እኔም የልጄን ቃል አከበርኩ። ሽማግሌው መንገድ ላይ አረፈብኝ።"

ሸምሲያ ባልተተኮሰው ልብስ ክምር ላይ ቁጭ አለች።

"አዳነ... እዚያው ቢታከም ሊድን ይችል እንደነበር ያውቃል?"

"አልነገርኩትም። 'ቀኑ ደርሶ ነው' አልኩት። በሰው ሀገር ብቻውን ነው ልጄ... ይኼን ሲሰማ ማን አቅፎ ያጽናናዋል? ሸክሙን እኔው ልያዘው ብዬ ነው።"

ወገን...

አዳነ ዛሬም ሪያድ ነው። በደወለ ቁጥር "አባዬን እኮ አዲስ አበባ ይታከም ብዬ ልኬዋለሁ፣ የምችለውን አድርጌያለሁ አይደል እማ?" ይላቸዋል።

እሳቸውም "አዎ ልጄ፣ አድርገሃል" ይሉታል።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ዝም ብሎ አይደለም። መውደድ ማለት ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ ብቻ አይደለም፤ አልጋው አጠገብ የቆመውን ሰው ማመንም መውደድ ነው። ሀገር ቤት ስትደውሉ "እዚያ ምን አለና?" ብላችሁ ከመጮህ፣ ምን ምን እንዳለ ረጋ ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ተራው የእናንተ ነው... እማማ ትርንጎ የሸምሲያን "እምቢ" ወደ "እሺ" መቀየራቸው ልክ ነበር?

ለአዳነስ... እናንተ እናቱ ብትሆኑ እውነቱን ትነግሩት ነበር?