ለአንድ ቀን የገባ ቱቦ

እኔ የረገጥኩት ፍሬን ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስል ያመነኝ የለም። ታናሽ እህቴም አላመነችኝም፤ እግሯ የተሰበረው ከጎኔ ተቀምጣ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነብኝ። በሁለት እግሬ ብቆምበትም አልያዘም፣ ከግንብ ጋር ተላተምን። ወንድማችን መካኒክ ነው። የተጨማደደውን ፒክአፔን ዞሮ ዞሮ አየና፣ «ፍሬኑ ምንም አልሆነ፤ እትዬ ደንግጣ ነዳጅ ረግጣ ነው» አለ።

እሱ ካለ አለቀ። ከዚያ ወዲህ እህቴ ለቅሶ ቤት ካላገናኘን አታናግረኝም። እኔም መሪ ጨብጬ አላውቅም። የወንድሜ ጋራዥ ውስጥ የተፈታ ዕቃ በናፍጣ አጥባለሁ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ባለታክሲ መኪናቸውን እያንገጫገጩ አስገቡ።

«ዳገቱ መሃል በአንዴ ጉልበት ከዳው» አሉ። «ከኋላ በገመድ የያዙት ይመስል። የጫንኳቸው ሰዎች ወርደው ነው የገፉልኝ።»

ወንድሜ ኮፈኑን ከፈተ። ካንዴላውን አየ፣ አየር ማጣሪያውን አውጥቶ አራገፈ። ሞተሩ ሲነሳ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። ጥርሱን ነክሶ የሚተነፍስ ሰው ያለበት ይመስል ከውስጡ ስስስ ይላል።

«የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው» አለ ወንድሜ። «አባባ፣ ይግቡና ፍሬን ይርገጡልኝ።»

«እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ባለፈው አንዱ ጋራዥ ዞር ብዬ ስመለስ፣ አዲሱ ባትሪዬ አርጅቶ ጠበቀኝ።»

ወንድሜ ሳቀ። «እትዬ፣ እስቲ አንቺ ነይ።»

ፊቱን አየሁት። ምንም የለበትም። ማንን የት ግቢ እንዳለ ረስቶታል። እጄን በሽርጤ ጠርጌ ገባሁ።

የተነሳው ኮፈን ሁለቱንም ጋርዶብኛል። ከሥሩ ባለችው ክፍተት የወንድሜ እጆች ብቻ ይታዩኛል።

«አጥፊውና ደጋግመሽ እርገጪ። በቃ። አሁን ሳትለቂው አስነሺ። ወረደልሽ?»

አልወረደም። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ፔዳሉ እግሬ ሥር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይህን ድርቀት አውቀዋለሁ። በእንቅልፌም ስረግጠው ኖሬያለሁ።

«ደርቋል» አልኩ።

ከላስቲክ ጠርሙስ ቱቦዎቹ ላይ ውሃ ሲያንጠባጥብ አየሁ። ስስስ የሚለው ድምፅ ለአፍታ ጠፋ፣ ሞተሩ ተንገዳገደ፣ መልሶ ስስስ አለ። ወንድሜ አንዱን ቱቦ በፒንሳ ቆንጥጦ ያዘው። ሞተሩ መንቀጥቀጡን ተወ።

«ይኸውልዎት። አባባ፣ ይሄን ማን አስገባልዎት? ይሄ እኮ ስሱ የውሃ ቱቦ ነው። ከሞተሩ ወደ ፍሬኑ የሚሄደው ወፍራሙ ነው መሆን ያለበት። ይሄ በሙቀት ይበስልና ይሰነጠቃል። ያኔ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ፍሬኑም ድንጋይ ይሆናል። በሁለት እግር ቢቆሙበት አይዝም።»

በሁለት እግር። ያኔ ሆስፒታል በር ላይ እያለቀስኩ የነገርኩት የኔ ቃል ነው።

«አንተ ደግሞ ያየኸውን የምታወራ ትመስላለህ» አሉ ሽማግሌው።

«አንዴ ወፍራሙ ጠፍቶ እኔም ይሄንኑ አስገብቼ ነበር፣ ለአንድ ቀን ብዬ። ከዚያ ወዲህ እጄን ቢቆርጡኝ...»

እጆቹ ባሉበት ቆሙ።

ከአደጋው ሁለት ቀን በፊት ፒክአፑ ዳገት እምቢ ብሎኝ ለእሱ ሰጥቼው ነበር። በማግስቱ «ጨርሻለሁ፣ ንጂው» ብሎ ቁልፉን ያስጨበጠኝ እሱ ነው።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አሉ ሽማግሌው።

«ማሙሽ» አልኩ ከውስጥ። ከልጅነቱ ጀምሮ የምጠራው እንዲህ ነው። «የማን መኪና ነበር?»

ፒንሳው አምልጦት ከሞተሩ ብረት እየተጋጨ መሬት ወረደ።

«እትዬ፣ ያኔ ጋራዡን ከከፈትኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር። ሰው ቢሰማ ማን መኪናውን ያምነኝ ነበር?»

«የማን መኪና ነበር አልኩህ።»

«ያንቺ» አለ።

አልጮኽኩም። ጩኸቴን ዱሮ ጨርሼዋለሁ። «ወፍራሙን ግጠም» ብቻ አልኩት።

ገጠመ። ሞተሩን ሳስነሳ ፔዳሉ እግሬን ተከትሎ ዝቅ አለ። ኮፈኑን ዘጋና በመስኮቱ በኩል መጣ፤ መሬት መሬቱን ያያል።

«ውረጂ፣ ወጣ ብዬ ልሞክረው።»

«የምሞክረው እኔ ነኝ። ግባ።»

«የት ልንሄድ?»

«እሷ ጋ።»

«እጄ ዘይት ነው፣ ልታጠብ...»

«ሳትታጠብ ግባ። አሮጌውን ቱቦም ያዘው።»

ሽማግሌው የኋላውን በር ከፈቱ። «መኪናዬ ካለበት እኔም አለሁ» ብለው ተደላድለው ተቀመጡ።

መሪውን ጨበጥኩ፤ ማርሹ አልጠፋኝም። በዚያው ቁልቁለት ወረድኩ። ሌላ መንገድ ነበር፣ ሆን ብዬ ነው። ግንቡ የተለሰነበት ቦታ ዛሬም ቀለሙ ይለያል። እዚያ ስደርስ ረገጥኩ። ያዘ።

እህቴ በር ላይ ቆሜ ጥሩምባ ነፋሁ። ትንሽ ቆይቶ የከዘራዋ ድምፅ ከግቢው ውስጥ መጣ፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ወንድሜ የተሰነጠቀውን ቱቦ ጭኑ ላይ ይዞ አቀርቅሯል። በሩ ሲከፈት ሞተሩን አላጠፋሁም። እግሬንም ከፍሬኑ ላይ አላነሳሁም።