የአውሮፕላን ከተማ በፎገራ

ጓድ አያልነህ ከተማውን የቆረቆረው በከዘራው ጫፍ ነው። ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ላይ፣ የፎገራ ሜዳ ውኃው ሸሽቶ መሬቱ እንደ አውድማ በጠጠረበት ጊዜ፣ ካድሬው የቁሐር ሚካኤልን ገበሬዎች ሰብስቦ አፈሩን ጫረ። እዚህ አውሮፕላኑ ያርፋል። ከጎኑ ሆቴል። ከሆቴሉ ጎን ሱቅ፣ ፀጉር ቤት፣ መጋዘን፣ የሠራተኛ መኖሪያ።

«ንግዱም፣ መኝታውም፣ ሥራውም ባንድ ግቢ!» አለ። «መንገደኛው ከአውሮፕላን ወርዶ ጫማውን አቧራ ሳይነካው ይበላል፣ ይገዛል፣ ይተኛል። ዓለም የሠለጠነው እንዲህ ነው።»

የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ተክለ ሃይማኖት እጃቸውን አወጡ። «ለመሆኑ መንገደኛው ማነው፣ ልጄ?»

«ሰፊው ሕዝብ ነው፣ አባ።»

«ሰፊው ሕዝብማ እኛ ነን። እኛ ደግሞ እዚሁ ነን፤ የት እንሄዳለን?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጓድ አያልነህም የጥርሱን ሳቀ።

ደሴ ግን አልሳቀም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነውና ካድሬ ፊት መሳቅ አያምርበትም። ደግሞም ሐሳቡ ሌላ ጋ ነበር። ደሴ በዚህች ምድር ላይ የኔ የሚለው ሁለት ነገር ነው፤ አገር የሚቀናባቸው ከብቶቹና አንድ ልጁ አዛናው። ከሁለቱ አንዱን ቢያጣ መኖሬ ለምኔ የሚል ሰው ነው።

ከተማው በደቦ ተሠራ። ሆቴሉ «ዘመናዊ ሆቴል» ተባለ፤ አልጋ ግን አልመጣለትም። ሱቁ ውስጥ ክብሪትና አንድ ዓይነት የሸራ ጫማ ተደረደረ። ግቢው ዙሪያውን በወፍራም ባሕር ዛፍ ታጥሮ አንድ በር ብቻ ቀረለት። መጋዘኑ መስኮት የለውም፤ መቀርቀሪያውም በውጭ በኩል ነው። አውሮፕላኑ ይቆምበታል የተባለው ቦታ ላይ የአፈር መወጣጫ ተደለደለ። ቀጥሎ ሚዛን መጣ፤ የእህል ሚዛን ሳይሆን ላዩ ላይ የሚቆሙበት።

«ይኸ በረት እንጂ ከተማ ነው?» አለች የደሴ ሚስት ይርገዱ፣ ከሥራ ሲመለስ እግሩን እያጠበችው። «ዐይናቸው ከብታችን ላይ ነው።»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል።»

«ይስማኝ! አምና በመኪና መጥተው ጎረምሳ ለወታደርነት ሊያፍሱ አልነበር? ጎረምሳው ሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ገባና ባዶ መኪና እየነዱ ተመለሱ። ዘንድሮ ደግሞ ከብት ሊሉን ነው። ላም እንደ ሰው ደንገል ውስጥ ትንፋሿን ውጣ አትቀመጥ!»

የወረታ ገበያ ወሬም ያው ነበር። አውሮፕላኑ የፎገራን ሠንጋ እየጫነ ለጦሩ ቀለብ ሊያደርሰው ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ጓድ አያልነህ ምን ቢናገር ደሴ የሚሰማው የከብት እንቧታ ሆነ።

መጋቢት ላይ ካድሬው ለከተማው ሠራተኛ እንደሚቀጠር አስታወቀ። ከየቤቱ አንድ ጎረምሳ፤ ያላገባ፣ ጤነኛ፣ ቁመቱ የደረሰ።

«እንግዳ ተቀባይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት» አለ። «ልብሱን መንግሥት ያለብሰዋል። ፀጉር ቤቱም ሥራ የሚጀምረው በእነሱ ራስ ነው።»

አዛናው ሲለካ ጥቂት አጠረና ተመለሰ። ደሴ አንጀቱ አረረ። የሰው ልጅ ደመወዝተኛ ሲሆን የርሱ ልጅ ጭቃ ሲያቦካ ሊኖር ነው? ሙክት እየጎተተ ካድሬው ቤት ሄደ።

«ጌታዬ—»

«ጓድ በለኝ።»

«ጓድ ጌታዬ፣ ልጄ ገና ያድጋል። ያስገቡልኝ እባክዎ።»

ጓድ አያልነህ ሙክቱን ከላት እስከ ቀንድ አየው። «ያድጋል» ብሎ ተስማማ።

አውሮፕላኑ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ደሴ ከብቱን ወደ አንበሳሜ ሊያሸሽ ተነሣ። የሚነዳው አጎቱ አንለይ ነው፤ ያረጀና የሚያነክስ ቢሆንም መንገዱን ያውቃል።

«አባቴ፣ እኔ ልንዳው» አለ አዛናው። «ከብቱ ያለ እኔ እሺ አይልም። ሥራው ይቆየኝ።»

«የመንግሥት ልብስ የለበሰ ሰው ጭራ አይከተልም! ሥራህ ላይ ተገኝ» አለው ደሴ። ኩራቱን መደበቅ አልቻለም።

አውሮፕላኑ አቧራውን እያቦነነ አረፈ። ሴቶች እልል አሉ፤ አባ ተክለ ሃይማኖት በመስቀላቸው ባረኩ። መንገደኛ ግን አልወረደም። ሞተሩ እየጮኸ የኋላው እንደ በረት በር ተከፈተና ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች ወረዱ።

ደሴ በሆዱ ሳቀ። ሜዳው ላይ አንዲት ጥጃ እንኳ የለችም። «ፈልጉ እንግዲህ!» አለ።

ጓድ አያልነህ ስለ ከብት አልጠየቀም። ፊሽካ ነፋ። የመጋዘኑ መቀርቀሪያ ተከፈተና ሠራተኞቹ ራሳቸውን ተላጭተው፣ አንድ ዓይነት ልብስና የሸራ ጫማ አድርገው ተሰለፉ። በመወጣጫው አንድ በአንድ ገቡ። አዛናው መጨረሻ ላይ ዞሮ አባቱን ፈለገ። ደሴ ደስ ብሎት እጁን አውለበለበለት።

በሩ ተዘጋ። አውሮፕላኑ ተነሣ።

«ሥራቸው እዚህ አልነበረም እንዴ?» አለ ደሴ፤ እጁ እንደ ተሰቀለ ነው። «መቼ ይመለሳሉ፣ ጌታዬ?»

«ድል ሲገኝ» አለ ጓድ አያልነህ። «ጓድ በለኝ።»

በሦስተኛው ቀን አንለይ እያነከሰ ከብቱን ነድቶ ደረሰ። ደሴን አጥሩ ሥር ተቀምጦ አገኘው።

«ምነው ቀና በል እንጂ፣ ልጄ» አለው። «ቁጠር፤ አንድም አልጎደለብህም።»