የእማዬ ሳቅ

ዝናሽ ስትስቅ የላይ ከንፈሯ ይጠፋና ድዷ ይገለጣል። እናቷም እንዲሁ ነበረች፤ የተነቀሰ ድዷ እንዳይታይባት አፏን በነጠላዋ ጫፍ እንደሸፈነች ኖራ ሞተች። ሳሎን የተሰቀለው ፎቶዋም አፏን እንደሸፈነች ነው።

አራዳ ያለ ሐኪም «ከንፈርሽን ሽቅብ የሚስበውን ጡንቻ በመርፌ እናላላዋለን» ብሎ ዝናሽን ወጋት።

ሰንበትበት ብሎ ታላቅ እህቷ ባንቺአየሁ ከማክሰኝት መጣች።

«እስቲ ሳቂ!»

ዝናሽ ሳቀች፤ ከንፈሯ ንቅንቅ አላለም።

«ሸጋ ነው» አለች ባንቺአየሁ ቅር እያላት፤ «ግን የእማዬን ሳቅ ከቤታችን አጠፋሽው።» ቀና ስትል ዓይኗ ግድግዳው ላይ ቀረ። «ምነው፣ ፎቶውን ቀየርሽው?»

«ሌላ ፎቶ መች ነበራት?» አለች ዝናሽ እየዞረች።

ነጠላው ከእናቷ አፍ ላይ ወርዷል። የተነቀሰው ድዷ ወለል ብሎ ይታያል፤ የላይ ከንፈሯ የለም።