ነጥብ ያጣው ጉድጓድ

ነገሩ ቆይቷል። ክረምቱ መግቢያ ላይ ነበር ወይስ መውጫው ላይ፣ ልስት እችላለሁ። ጉድጓዱን ግን አልስትም። የጠጠሩን መንገድ ከዳር እስከ ዳር በልቶት ነበር፤ አንዲት አህያ ከነጭነቷ ተዘፍቃበት በገመድ ተስባ ነው የወጣችው።

ጉድጓዱ የሚገኘው በአንድ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ደጃፍ ላይ ነው። ሹፌሩ ከሚስቱና ከእናቱ ጋር ይኖራል። ሚስቱ መውለጃዋ ደርሷል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባት ስለነበር ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርድ አዟል። የአምቡላንሱ ነጂም ቁርጡን ተናግሯል፦

«እስከ ጉድጓዱ አፍ እመጣለሁ። ከዚያ ወዲያ በሸክም ነው።»

እናትየው እረፍት የማያውቁ ባልቴት ናቸው። ቆጣሪ አንባቢ ይመጣል ከተባለ እንኳ ግቢያቸው ተጠርጎ፣ ውሃ ተርከፍክፎበት ነው የሚጠብቀው። ጓሮ የተከመረውን የፈረሰ የድንጋይ አጥርም ብቻቸውን ያነሳሉ።

«ተይ እማዬ፣ ወገብሽ!» ይላቸዋል ልጃቸው። «ክምሩ ደግሞ ሊያልቅ ነው እኮ፤ ማን አገዘሽ?»

«ማን ያግዘኛል! እጄ አይደል?»

የመንገዶች ቢሮ አሠራር ቀላል ነው። መሐንዲሱ እየዞረ ለየመንገዱ ነጥብ ይሰጣል። ብዙ የተጎዳና ብዙ ሰው የሚመላለስበት መንገድ ብዙ ነጥብ ያገኛል፤ ብዙ ነጥብ ያገኘም ቀድሞ ይጠገናል። የጉብኝቱ ቀን አስቀድሞ ይነገራል። ሹፌሩ ቀኑን ለቤቱ አብስሮ ረጅም ጉዞውን ይሄዳል። ሲመለስ ብዙ ዝናብ ጥሎ፣ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ይቀበለዋል። ውጤቱን ሲጠይቅ ደግሞ መንገዳቸው የሁሉም ጭራ ሆኗል።

የላይኛው መንገድ ግን አስፋልት በአስፋልት ላይ ለበሰ። እዚያ ባለ ሥጋ ቤቱ ይኖራል፤ መሐንዲሱም በሩ ላይ ቆሞ ሲስቅ ታይቷል።

«ያለ ነገር አልሳቀም» አለ ሹፌሩ።

«ሰው ማማት ሥጋውን መብላት ነው፣ ተው ልጄ።»

«ሥጋውንማ የሚበላው እሱ ነው!»

በመጨረሻ ቢሮ ድረስ ሄደ።

«ጌታዬ፣ እኛ ሰፈር መጥተው ያውቃሉ?»

«በእግሬ! አንዴ ብቻም አይደል» አለ መሐንዲሱ።

«ጉድጓዱስ?»

«የምን ጉድጓድ? መዳፍ የመሰለ መንገድ! አቧራው እንኳ አይነሳም።»

«አህያ የሚውጥ መዳፍ የት አይተው ያውቃሉ?»

ቢሮው በሳቅ አውካካ። የመሐንዲሱ ፊት ቀላ። «እሺ፣ ነገ እመጣለሁ፤ በዓይኔ አሳየኝ። የዘንድሮው የጥገና ምዝገባ የሚዘጋው ነገ ነው። ከዚያ ወዲያ ለከርሞ ነው።»

ሹፌሩ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ቤቱ ገባ። «ነገ ይመጣል! አሁን ማምለጫ የለውም!» አለ። ሚስቱ ሆዷን ዳበስ አድርጋ ፈገግ አለች።

«ነገ?» አሉ እናቱ። «ምነው ቀደም ብለህ ብትነግረኝ!»

ስለዚያ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ወሬ የማግስቱን ነው። ሹፌሩ ባለ ሥጋ ቤቱ እንዳይቀድመው በማለዳ ቢሮ ሄደ፤ ደጁ ላይ ተገትሮም ጠበቀ። አረፋፍዶ መሐንዲሱን ከፊት ከፊት እየመራ፣ በሥጋ ቤቱ በኩል ሲያልፉ እየተገላመጠ፣ ወደ ሰፈሩ አመጣው። ማዕዘኑን እንደ ዞሩ ፊቱን ወደ እንግዳው መልሶ፣ በጣቱ ወደ ኋላው እየጠቆመ «ያውልዎ!» አለ።

መሐንዲሱ አንገቱን አስግጎ አየ። ሹፌሩም ዞረ። ጉድጓዱ በነበረበት ቦታ ዳር እናቱ አካፋቸውን ተደግፈው፣ በሌላው እጃቸው ባዶ የውሃ ጣሳ ይዘው ቆመዋል።

«በዳር በዳር አምጣቸው ልጄ፣ ገና እርጥብ ነው» አሉት ጠጋ ብለው በሹክሹክታ። «ገመናችንን ሳያዩ ለጥቂት ደረስኩልህ።»