ወፊቱ ለምን ዝም አለች

«ሰማዩ ሲቆጣ። እዚህ ላይ ምን ዘይቤ አለ?»

«ሰውኛ!» ክፍሉ በአንድ አፍ ይመልሳል።

«ለምን?»

«ሰማይ ስለማይቆጣ!»

«ነፋሱ ሲያጓራስ?»

«ነፋሱን በሬ አደረገው፣ ቲቸር!» ይላል ከኋላ ሬዲዮ የሚሉት ልጅ። ተዘግቶ አያውቅም።

ጎበዞች፣ ትላለች መምህርቷ በሆዷ። በአፏ አትልም፤ ጊዜ የለም። ደወሉ ደርሷል፣ ይሄ ግጥም ደግሞ ከፈተና ቀርቶ አያውቅም። እሷም በልጅነቷ ይሄንኑ ነው የሸመደደችው፦

ሰማዩ ሲቆጣ፣ ነፋሱ ሲያጓራ፣
ወፊቱ ዝም አለች፣ ከጎጆዋ ጋራ።

ሰሌዳው ላይ «ስሜት፦ ሰላም» ብላ ጽፋ ጨርሳለች። ውጪው ሲታመስ የተረጋጋች ወፍ። በቃ። ገልብጦ ወደሚቀጥለው።

«ጥያቄ ያለው?»

መስኮቱ ጋ አንድ እጅ ይወጣል። የልጇ እጅ።

ከትምህርት ቤቱ በር ወዲህ እናትና ልጅ አይደሉም፤ ውላቸው ነው። ልጅቷ «ቲቸር» ትላታለች። እሷም አዳላች እንዳይሏት ጠይቃት አታውቅም፣ ስታርም ደግሞ ከሁሉም የሷን ነው የምታጠብቀው።

«ቲቸር፣ እኔ ሰላም አይመስለኝም።»

«ቤትዎ ውስጥ ተቃዋሚ ተነሳ፣ ቲቸር!» ይላል ሬዲዮ። ክፍሉ ይስቃል።

«እና ምንድን ነው? ቶሎ በይ።»

«ፈርታ ነው ዝም ያለችው።» ልጅቷ መጽሐፉን እያየች ነው የምታወራው። «የሚቆጣ ሲኖር ዝም ካሉት ያልፋል። ጎጆው ዝም ያለው ደግሞ… ጫጩቶች አሉበታ። እነሱ አያውቁም፣ ይንጫጫሉ። አፋቸውን ይዛባቸው ነው።»

«ወፍ በየትኛው እጇ ነው አፍ የምትይዘው?» ይላል ሬዲዮ።

ሳቁ ጣራ ይነካል። መምህርቷ አትስቅም።

ዛሬ ጠዋት ቁልፍ ጠፍቶባት ቤቱን በአንድ እግሩ አቁማው ነበር። ማን ነካው፣ ማን ወሰደው፣ እናንተ ልጆች ልታሳብዱኝ ነው። ቁልፉ ከገዛ ቦርሳዋ ወጣ። ይቅርታ አላለችም፤ ረፍዷል። ስትዞር ያየችውን ግን ያኔ ልብ አላለችውም፦ ትልቋ፣ ይቺው፣ ከበሩ ጥግ ተለጥፋ፣ መዳፏ የትንሿ እህቷ አፍ ላይ። እየተጫወቱ መስሏት ነበር።

እየተጫወቱ! ፊቷ ይግላል። ሙቀቱ በጆሮዋ አልፎ አንገቷ ድረስ ይወርዳል። ሁሉም የሚያውቅባት ይመስላታል። ማንም አያውቅም። አንዲት ብቻ።

ሳቁ አልቆመም። ልጅቷም እንደቆመች ናት፣ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አጥብቃ።

«ዝም በሉ!»

ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ከነወንበሩ፣ ከነጠረጴዛው። ሬዲዮ እንኳ ይዘጋል። ልጅቷ ቁጭ ትላለች፤ ተቀመጪ ያላት የለም።

ጩኸቱ የራሷ ጆሮ ውስጥ ቆይቶ ነው የሚጠፋው። መምህርቷ ወደ ሰሌዳው ትዞራለች፤ ጀርባ መስጠት ይሻላል። «ሰላም» የሚለውን በመዳፏ ታብሰዋለች። ጠመኔው ይሰበርባታል። በስባሪው «ፍርሃት» ብላ ትጽፋለች፤ ጽሑፉ የሷ አይመስልም።

«ቲቸር፣ ፈተና ላይስ?» ይላል አንዱ፣ በሹክሹክታ።

«ይሄን ጻፉ።» ድምጿን ልታለዝበው ትሞክራለች። አታውቅበትም።

ሁሉም አቀርቅረው ይገለብጣሉ። ልጅቷ ብቻ አትጽፍም። ቀና ብላ የእናቷን ፊት ታያለች፤ ልብስ ልታሰጣ የወጣች ሴት ሰማዩን እንደምታየው።